የፎርክ አንገት ሲረዝም፦ መጀመሪያ ጥርሱ፣ ከዚያ መጋዙ

ጥያቄው ከባሕር ዳር የመጣ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ «አሮጌ የጣሊያን ኮርስ ብስክሌት አለኝ፤ ፍሬሙ ብረት ነው። ተጋጭቼ ፎርኩ ስለታጠፈ ሌላ የብረት ፎርክ ገዛሁ። ውፍረቱ ይመሳሰላል፤ አንገቱ ግን በጣም ረጅም ነው። የፍሬሙ የፊት ቱቦ 13 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የአዲሱ ፎርክ አንገት 22 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥርስ ያለው ደግሞ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትሩ ብቻ ነው። ቶርኖ ቤት ስወስደው ‹ቆርጠን አዲስ ጥርስ እናወጣለታለን› አሉኝ። ላስቆርጠው?»

ወንድሜ፣ አሁን አታስቆርጠው። ሥራው ጨርሶ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። በመጋዝ የጀመረ ሰው ለአዲሱ ጥርስ አቅጣጫ የሚያሲዘውን ነገር በገዛ እጁ ይጥላል። ከዚያ በፊት ደግሞ መለካት ያለብህ ሦስት አራት ነገር አለ። ከነሱ አንዱ እንኳ ካልገጠመ ፎርኩን ወደ ሻጩ መመለስ ይሻልሃል። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ማንም አይቀበልህም።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ። ፎርክ የፊት ጎማውን በሁለት እግር የሚይዘው ክፍል ነው። ጥርስ የምለው ዳዶ እንዲጠመዘዝበት ቱቦው ላይ ዙሪያውን የተቀረጸውን ነው። አንገት የምለው ከፎርኩ ትከሻ ተነስቶ በፍሬሙ የፊት ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን ቱቦ ነው። ትከሻው ሁለቱ የፎርክ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ስቴም የምለው መሪውን ይዞ ከላይ አንገቱ ውስጥ የሚገባውን ነው።

የድሮውን ፎርክ አልጣልከውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቢታጠፍም የአንገቱ ርዝመት ለፍሬምህ ትክክለኛው ልክ ነው። ከትከሻው እስከ ጫፉ ለካው፤ ጥርሱም ከላይ ወደ ታች የት ድረስ እንደሚወርድ ጻፍ። ከሁሉም ስሌት የሚበልጥ መረጃ እሱ ነው።

ጥለኸው ከሆነ ስሌቱ ይኸው። የፍሬሙ የፊት ቱቦ ርዝመት ላይ የአንገቱ ኩሽኔታ ከላይና ከታች የሚይዘውን ቁመት ትደምራለህ። ይህ ቁመት እንደ ሥሪቱ ይለያያል። በድሮ ኮርስ ብስክሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የራስህን በካሊፐር ለካ። ለጊዜው 37 ብለን እንያዘው። 130 እና 37 ሲደመር 167 ይሆናል። ከዚህ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ትቀንሳለህ። ምክንያቱም የላይኛው ዳዶ ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከንፈር አለው። አንገቱ ያንን ከንፈር ከነካ ዳዶው የጠበቀ ይመስልሃል እንጂ ኩሽኔታውን አይቆልፈውም። መሪህ በየሳምንቱ እየላላ የሚያስቸግርህ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልግህ አንገት 165 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

አዲሱ ፎርክ 220 ነው። ትርፉ 55 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። 55 ሚሊ ሜትር ስትቆርጥ 40ው ጥርስ በሙሉ ይሄዳል፤ ከሥሩም 15 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሌለው ቱቦ አብሮ ይሄዳል። እጅህ ላይ የሚቀረው አንድም ጥርስ የሌለው አንገት ነው። ቶርኖ ቤቶቹ ያሉህ ይህን ነው።

ትርፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። በሚስተካከለው የላይኛው ኩሽኔታ መቀመጫና በዳዶው መካከል ቀለበት ትጨምርና ትጨርሳለህ። ያንተ ግን በቀለበት አይፈታም። የላይኛው መቀመጫ ራሱ በጥርስ ላይ እየተጠመዘዘ መውረድ አለበት። የአሁኑ ጥርስ ከትከሻው 180 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል፤ መቀመጫው ግን 145 አካባቢ መድረስ አለበት። ትንሽ መጠባበቂያ ጨምረን ጥርሱ እስከ 140 ይውረድ ብንል፣ 40 ሚሊ ሜትር አዲስ ጥርስ መውጣት አለበት። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ለምን እንደማይቀል ብረቱ ራሱ ይነግርሃል። የኮርስ ብስክሌት የድሮው መደበኛ አንገት የውጭ ስፋቱ 1 ኢንች ነው፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር። ውስጡ 22.2 ነው። ስለዚህ የቱቦው ግድግዳ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥርስ ሲወጣ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህሉ ይቆረጣል። ከጥርሱ ሥር የሚቀረው ብረት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨርቅ በመቀስ ትንሽ ከተነካ በኋላ ከዚያው ነጥብ እንደሚቀደድ፣ ቱቦም ሲሰነጠቅ ከጥርሱ ሥር ይጀምራል። በዚህ ቦታ ላይ የስቴሙ መወጠሪያ፣ ማለትም ስቴሙን አንገቱ ውስጥ ወጥሮ የሚያስረው የታችኛው ጫፉ፣ ቢያርፍ፣ ከውስጥ እየገፋ ያብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። የፎርክ አንገት ሲበጠስ አያስጠነቅቅም። መሪው እጅህ ላይ ይቀራል፤ አንተ በፊትህ ትወድቃለህ። ስለዚህ ጥርስ የሚወጣው ለሥራው በሚበቃ ርዝመት ብቻ ነው። «ለማንኛውም እስከ ታች እናውጣው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ፎርክህን ይዘህ ውጣ።

አሁን ወደ ልኬቱ። በመጀመሪያ የኩሽኔታውን የታችኛ ቀለበት አረጋግጥ። ይህ ቀለበት ትከሻው ላይ ተጠብቆ የሚቀመጠው ነው። የሚቀመጥበት ቦታ ስፋት በሁሉም ፎርክ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ 26.4፣ የጣሊያኑ 26.5፣ የጃፓኑ መለኪያ ደግሞ 27.0 ሚሊ ሜትር ነው። የእስያ ሥሪት በሆኑ ርካሽ ፎርኮች ላይ 27.0 በብዛት ይገኛል። ያንተ ቀለበት የጣሊያን ከሆነ 27.0 ላይ በመዶሻ ብትመታውም አይገባም፤ አትሞክረው፣ ይሰነጠቃል። ሰፊውን ቦታ በትክክለኛ መቁረጫ ማጥበብ ይቻላል። የጠበበውን ማስፋት ግን አይቻልም። ሸካራ አድርገው ወይም በቆርቆሮ ሞልተው የሚያስገቡ አሉ፤ ለፎርክ እኔ አላደርገውም።

ቀጥሎ የጥርሱ ዓይነት። የድሮውን የላይኛ ዳዶ በእጅህ አዲሱ ፎርክ ላይ ጠምዝዘው። በቁልፍ አይደለም፣ በጣት። እስከ ታች ያለ ግፊት ከወረደ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ከጠበቀ አቁም። ጥርሱ ሌላ ነው ማለት ነው። በብዛት የሚገኘው 1 ኢንች ሆኖ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ነው። የጣሊያኑም በኢንች 24 ነው፤ የጥርሱ ማዕዘን ብቻ ይለያል፣ 55 ዲግሪ ነው፤ የሌላው 60። ሁለቱ ትንሽ ቢፋተጉም ብዙውን ጊዜ ይገጥማሉ። የድሮው የፈረንሳይ ግን 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየ1 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጥርስ ነው። የእንግሊዙ ብስክሌት አምራች ራሌይ ደግሞ ለረጅም ዘመን በኢንች 26 ጥርስ ይጠቀም ነበር። በማስመሪያ ለማወቅ 10 ጥርስ ቁጠርና ርዝመቱን ለካ። 10.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 24 ነው። ልክ 10 ከሆነ ፈረንሳይ ነው። 9.8 ከሆነ 26 ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ስለሆነ ካሊፐር ቢኖርህ ጥሩ ነው።

ይህን የምለው ለቶርኖ ቤቱም ስለሚያስፈልግ ነው። ባለሙያው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ብስክሌት ግን ሥራው ላይሆን ይችላል። የለመደው የሚሊ ሜትር ጥርስ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትሩን ይመርጥና ያወጣልሃል። ለዓይን ልዩነት የለውም። ዳዶው ግን ገብቶ ይነክሳል፤ ፎርክህም ይበላሻል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «25.4 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች 24 ጥርስ» ብለህ ጽፈህ ስጠው። ዳዶውንም አብረህ ውሰድለት።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። የፎርክ አንገት ውስጡ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ላይኖረው ይችላል። ትከሻው አካባቢ ጫናው ስለሚበዛ ግድግዳው እዚያ ይወፍራል፤ ውስጡም ይጠባል። ረጅሙን አንገት ከላይ ስትቆርጠው ጠባቡ ክፍል ወደ ስቴምህ ይቀርባል። ስቴሙ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል መስመር አለ፤ ቢያንስ 65 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲገባ ይፈልጋል። ስለዚህ ሳትቆርጥ ሞክረው። ስቴምህን አዲሱ ፎርክ ውስጥ ክተተው። 55ቱን የሚቆረጠውን ጨምረህ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ያለ ችግር መውረድ አለበት። ከዚያ ቀድሞ ከቆመ ይህ ፎርክ ለፍሬምህ አይሆንም። ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ጉዳዩ ተዘጋ፤ መልሰው።

ሁሉም ከገጠመስ? ያኔም ቢሆን ምርጫዬ ትክክለኛ ርዝመት ያለው ፎርክ ፈልጎ መለወጥ ነው። ሻጩ ከለወጠልህ እሱ ይሻላል። ይህን የምለው ሥራውን ስለምፈራ አይደለም። 40 ሚሊ ሜትር ጥርስ በእጅ ማውጣት መሣሪያውን በጣም ይጎዳል፤ መሣሪያው ደግሞ ውድ ነው። የብስክሌት ጥርስ ማውጫዎች በዋናነት የተሠሩት ያለውን ጥርስ ለማጽዳትና ጥቂት ለማራዘም ነው። ፎርኩ ክሮም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር። ክሮም ከመሣሪያው ጋር የሚወዳደር ጥንካሬ አለው፤ ምላጩን ይበላዋል።

መለወጥ ካልተቻለና ባለሙያ ካገኘህ፣ መንገዱ ይህ ነው፦ ሳይቆረጥ ይራዘም። የአሁኑ 40 ሚሊ ሜትር ጥርስ ፋብሪካ ያወጣው ነው፤ ቀጥ ያለ ነው። ጥርስ ማውጫው እሱ ላይ ተጠምዝዞ ሲወርድ መስመሩን ከእሱ ይወስዳል። ወደ ለስላሳው ቱቦ ሲደርስም በዚያው መስመር ይቀጥላል። 140 ላይ ሲደርስ ታቆማለህ። ከዚያ በኋላ 55ቱን ትቆርጣለህ። አሮጌው ጥርስ ይጣላል፤ አዲሱ ግን ከእሱ የተማረውን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ከቆረጥክ ግን መሣሪያው ባዶ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው የሚጀምረው። ትንሽ ካጋደለ ጥርሱ ይጣመማል። የተጣመመ ጥርስ ኩሽኔታውን በአንድ በኩል ያጠብቃል፣ በሌላው ያላላል። መሪው ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ይይዝሃል። ያን ምንም ማስተካከያ አያድነውም።

«ቶርኖ ላይ ከሆነስ?» ትለኛለህ። በቶርኖ የሚወጣ ጥርስ በራሱ ከእጁ ይበልጣል። ችግሩ ፎርኩን ቶርኖው ላይ ማሰር ነው። እግሮቹ ረጅም ናቸው፤ ወደ ፊትም ያጋደሉ ናቸው። ሲሽከረከር ሚዛኑ እኩል አይሆንም። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ በማሽኑ ቀዳዳ አያልፍም። ፎርክ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ቀድሞ የወጣለትን ቱቦ ትከሻው ላይ የሚበይዱት ለዚህ ነው። ሰፊ ማሽን ያለውና እንዴት እንደሚያስረው በግልጽ የሚያስረዳህ ባለሙያ ካገኘህ እሺ በለው። «እናየዋለን» ካለህ እምቢ በል።

በእጅ ሲሠራ የማየው እንዲህ ነው። ፎርኩ ሞርሳ ላይ ይታሰራል፤ ግን በእንጨት ታቅፎ፣ ከትከሻው አጠገብ ግድግዳው በወፈረበት። ቀጭኑን የላይኛ ክፍል ሞርሳ ከጨመቀው ክቡ ቱቦ ሞላላ ይሆናል፤ ከዚያ ስቴም አይገባውም። ቀለሙ እስከ ብረቱ ይጸዳል። የመቁረጫ ዘይት በብዛት ይፈስሳል፤ ደረቅ ብረት ላይ አይኬድም። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ መመለሱ ፍርፋሪውን ይሰብረዋል። ሲከብድ አትግፋ፤ አውጥተህ አጽዳ፣ ዘይት ጨምር፣ ቀጥል። ጥርስ ማውጫው የሚከፈትና የሚጠብብ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ከፈት ተደርጎ ይወጣል፤ በሁለተኛው ይጠብቃል። ከቻልክ ቱቦው ላይ ተንሸራትቶ ሚዛኑን የሚጠብቅ እጅጌ ያለውን መሣሪያ ምረጥ።

ጥርሱ ካለቀ በኋላ መቁረጥ ቀላል ነው። ሁለት አሮጌ ዳዶ ከመቁረጫው ምልክት በታች አስገባና እርስ በርስ አጥብቃቸው። የላይኛው ዳዶ ፊት ለመጋዝህ ቀጥ ያለ መስመር ይሆንልሃል። በኢንች 32 ጥርስ ያለው የብረት መጋዝ ምላጭ ተጠቀም። 1 ሚሊ ሜትር አስረዝመህ ቁረጥና ቀሪውን በሞረድ አስተካክል። የውጩንና የውስጡን ጠርዝ አለስልስ። ከዚያ ዳዶዎቹን ወደ ላይ ፍታቸው፤ ሲወጡ የተጎዳውን ጥርስ ያቀኑታል። የውሃ ቧንቧ የሚቆርጠውን ዙሪያውን የሚሽከረከር መቁረጫ ግን አትጠቀም። ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል፤ ጥርሱንም ያደቀዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። አሮጌው ጥርስ ጀርባ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ቦይ ታያለህ። ምላስ ያላት ሮንዴላ እዚያ ትገባና አብራ እንዳትዞር ትያዛለች። ስትቆርጥ ቦዩም ይሄዳል። አዲስ ቦይ ሞርደህ ማውጣት ትችላለህ። እኔ ግን አልመክርህም። ያ ቦይ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ብረት ላይ ሌላ ቁስል ነው። የሮንዴላዋን ምላስ ሞርዳትና እንዲሁ አስገባት። ማስተካከሉ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዳዶውን ስታጠብቅ የላይኛውን መቀመጫ በሌላ ቁልፍ መያዝ አለብህ። ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ከቶርኖ ቤት ወጥተህ ብየዳ ቤት ብትሄድ ሌላ ሐሳብ ሊቀርብልህ ይችላል፦ መሃሉን ቆርጦ፣ ጥርስ ያለውን ጫፍ መልሶ መበየድ። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ጥርሱም የፋብሪካ ይሆናል። በምንም ዋጋ አትቀበለው። ብየዳው የሚያርፈው ስቴሙ ቱቦውን በሚያስጨንቅበት አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከአጠገቡ ያለውን ቀጭን ብረት ያደክመዋል። ወደ ውስጥ የሚፈስሰው ብየዳ ስቴሙን አያስገባም፤ እሱን ለማጽዳት ሲሞረድ ደግሞ ግድግዳው ይሳሳል። ላዩ ተለስልሶ ቀለም ከተቀባ ማንም አያየውም፤ ይህ ደግሞ ብስክሌቱን ነገ ከአንተ ለሚገዛው ሰውም አደጋ ነው።

ጥርስ ወደሌለው አሠራር መቀየር እንደሚቻል የነገረህ ሰው ይኖር ይሆናል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ዲያ ኮምፔ «አሄድሴት» ብሎ ያወጣው አሠራር ስቴሙን ከውጭ አንገቱ ላይ ያስራል፤ ጥርስ አያስፈልገውም። ዛሬ ጥርስ ያለው ጥሩ ፎርክ እንደ ልብ የማይገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያንተን ፎርክ ግን ቁጥሩ አይፈቅድለትም። 130 የፊት ቱቦ፣ 25 ያህል ኩሽኔታ፣ 40 ያህል የስቴሙ መያዣ፤ ሲደመር 195። ከዚህ 3 ሚሊ ሜትር ትቀንሳለህ፤ ስቴሙ ከአንገቱ ትንሽ ከፍ ማለት ስላለበት 192 ይሆናል። ያንተ ጥርስ የሌለው ክፍል ግን 180 ብቻ ነው። ስቴሙ ጥርስ ላይ ሊታሰር ነው ማለት ነው። ጥርስ ላይ የታሰረ ስቴም አንገቱን በየቀኑ እዚያው ጥርሱ ሥር ያጥፈዋል። ይቅር።

አንገቱ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን የሆነ ፎርክ ላላቸው አንባቢዎችም አንድ ቃል፦ ካርቦን ላይ ጥርስ አይወጣም፤ አሉሚኒየም ላይም አዲስ ጥርስ አታስወጡ። መቁረጥ ብቻ ነው የሚቻለው። ካርቦን በሚቆረጥበት ጊዜ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ጭንብል ይደረግ፤ ቱቦውም ይርጠብ።

ወደ አንተ ልመለስና፣ ከፎርኩ በፊት ፍሬሙን አይተኸዋል? ተጋጭተህ ፎርኩ ከታጠፈ ኃይሉ ፍሬሙንም ሳይነካ አልቀረም ይሆናል። ከፊት ቱቦው ጀርባ ያሉትን የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦዎች ከሥር በጣትህ ዳብስ። ቀለሙ ተሰንጥቆ ወይም ብረቱ ትንሽ አብጦ ካገኘህ ፍሬሙ ታጥፏል። ያኔ ለፎርኩ የምታወጣው ገንዘብ ይባክናል። ይህን ዛሬውኑ አድርግ፤ ቶርኖ ቤት ከመመለስህ በፊት።

ፍሬሙ ደህና ከሆነና ሥራው ካለቀ፣ ሲገጠም ጥርሱንና ኩሽኔታውን ግራሶ ቀባ። የስቴሙ መወጠሪያ ከጥርሱ በታች ማረፉን አረጋግጥ፤ ባንተ ልክ ከላይኛው ዳዶ ጫፍ 27 ሚሊ ሜትር ወርዶ ነው ጥርሱ የሚያበቃው፤ መወጠሪያው በሙሉ ከዚያ በታች መሆን አለበት። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ናጠው። ካንኳኳ አልጠበቀም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ መሪው በራሱ ወደ ጎን ካልወደቀ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ ዳዶውን አንዴ ፈትሸው፤ አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቀመጣል። የድሮውን ፎርክ ልክና የስቴሙን ጥልቀት ከለካህ በኋላ ቁጥሮቹን ብትልክልኝ፣ ስሌቱን ባንተ ልክ እሠራልሃለሁ።